ሲጠፋ ጠርዝ የለውም

እንጀራዬን የማገኘው ከዳር ነው። ማክሰኝት ውስጥ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ዳር፣ «ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ማመልከቻውም አብዛኛው «ድንበሬን ገፋኝ» ነው። አንዱ ሁለት ፈር ገፋኝ ይላል፣ ሌላው ሦስት። በመሬቱ መሐል ጠብ የተነሣበት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ጠቡ ሁልጊዜ ዳር ላይ ነው።

ደንበኞቼ የሚከፍሉት በገጽ ስለሆነ፣ የወረቀቱ ዳር ባዶ ሲቀር ያንገበግባቸዋል። «መምህር፣ ይኸን ነጩን ለምን ተውከው? እዚህ ላይ እኮ አምስት መስመር ይገባል!» ይሉኛል። ማተሚያው ወረቀቱ ትንሽ ቢንሸራተትበት ቀለሙ ከወረቀት ውጪ እንዳይረጭ ዳሩን እንደሚዘለው ባስረዳ ማን ይሰማኛል። አንድ ጊዜ የአንዱ ልመና ቢበዛብኝ፣ ማተሚያው እስከፈቀደልኝ ድረስ ዳር እስከ ዳር ሞላሁለት። መዝገብ ውስጥ ሊታሰር ሲበሳ ቀዳዳው የከሳሹን ስም ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ክሱ ነበረ፣ ከሳሹ ግን አልነበረም።

ጠርዝ የሌለው ሞኒተር መጥቷል ሲሉኝ ያመንኩት እንግዲህ ይኸን ሁሉ የማውቀው ሰው ነኝ።

አሮጌው ሞኒተሬ ቀይ ቀለም ረስቶ፣ የሰንደቅ ዓላማችንን ቀይ ቡናማ እያደረገ ሲያስቸግረኝ፣ አንድ ቀን ካርቶን ውስጥ አስገብቼው ጎንደር ወጣሁ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ልጅ ገና ከመግባቴ፣ «ጋሼ፣ ይኸን ይዩልኝ፤ ፍሬም የለውም። ጠርዝ አልባ ነው። ሥዕሉ ከዳር እስከ ዳር ነው» አለኝ። አየሁት። ጥቁር መስታወት ብቻ፣ እንደ ጣና በጨለማ ለጥ ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር እንከን የሌለው። ካርቶኑ ላይም ሥዕሉ ሞኒተሩን ጥሶ ሊፈስ ምንም አልቀረው። አብራልኝ እንዳልለው መብራት ጠፍቷል። ዛሬ ሳስበው ያ ልጅ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን የሰዓት ምርጫም ያውቅ ነበር።

በሚኒባስ ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አዘዞን አለፍን። ጠዳ ላይ ረዳቱ ወደ እኔ ዞረና፣ «አባት፣ ካርቶኑም ይክፈል፤ የሰው ቦታ ይዟል» አለኝ።

«ጠርዝ እንኳ የለውም» አልኩት።

«ጠርዝ ባይኖረውም ወንበር አለው» አለ፤ ከፈልኩ።

ማክሰኝት ደርሼ ሰካሁት፤ ደግነቱ መብራት ነበር። የእህቴ ልጅ፣ ጽሕፈቱን የምታግዘኝ፣ ከኋላዬ ቆማለች። ሥዕሉ ወጣ። ዙሪያውን በሦስት በኩል ጥቁር ቀበቶ ታጥቋል፤ ግርጌው ደግሞ ደህና አድርጎ ወፈር ይላል። ልጅቱ ጠጋ ብላ አየችና፣ «ጋሼ፣ ይኸ እኮ ጥለት አለው» አለች። ጥለት! የሐዘን ነጠላ ይመስል ጥቁር ጥለት።

የሒሳብ መምህር እንዲህ ሲታለል ማስመሪያ ነው የሚያነሣው። ለካሁ። በላይና በጎን 8 ሚሊ ሜትር፣ በግርጌ 2 ሴንቲ ሜትር። ሥዕሉ 53.1 በ29.9፣ ዕቃው በሞላ 54.7 በ32.7 ሴንቲ ሜትር። አባዛሁ፣ አካፈልኩ፤ ከከፈልኩበት ፊት ሥዕል የሚታይበት 89 በመቶው ነው። 11 በመቶውን ዳር በልቶታል። በማመልከቻ ቋንቋ ብንሄድ፣ በአራቱም ማዕዘን ድንበሬን ተገፍቻለሁ።

ለባለሱቁ ደወልኩ። ልጁ አልደነገጠም። «ጋሼ፣ ሲጠፋ እኮ ጠርዝ የለውም!» አለኝ፣ እኔ ያላወቅሁትን ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው። ስልኩን ዘግቼ ሳስበው ልጁ አልዋሸም። ሲጠፋ የለውም። በእኛ ከተማ ደግሞ ሞኒተር ጠፍቶ የሚውልበት ቀን ስለማያንስ፣ የገንዘቤን ግማሽ ያህል አግኝቻለሁ ማለት ነው።

አሮጌው ግን ያው ከነካርቶኑ ለጥገና ጎንደር ቀርቶ ነበር። ጠጋኙ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ነው፤ ዛሬም «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ክፍል ውስጥ ዳር ተቀምጦ ሲያንቀላፋ የነበረ ልጅ፣ የዳርን ነገር ሊያስተምረኝ ሆነ። ላመጣው ተመልሼ ሄጄ ብሶቴን ስነግረው ሳቀና፣ «ይኸ የእርስዎ አሮጌ ሞቷል፤ ልክፈተውና ይዩት» አለኝ። አንዲት ስስ ፕላስቲክ በስንጥቁ አስገብቶ ዙሪያውን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ፍሬሙን አላቀቀው። ከዚያ እንደ ሽንኩርት ይልጠው ጀመር። ከፊት የመስታወቱ ፓነል፤ ከኋላው ወረቀት የሚመስሉ ነጫጭ ስስ ፕላስቲኮች፤ ከእነሱ ኋላ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጣውላ፤ ከጣውላው ግርጌ ደግሞ ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች የተደረደሩበት አንድ ቀጭን ዘንግ።

«ብርሃኑ በሙሉ የሚመጣው ከዚች ነው» አለኝ ዘንጓን እያሳየኝ። «ዳር ሆና ታበራለች፣ ጣውላው ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ፊት ይበትነዋል። ግን መብራቶቹ ሥር ያለው ስፍራ ቦግ ቦግ የሚል ነው፤ ብርሃኑ እስኪደባለቅ ጥቂት መንገድ መሄድ አለበት። ያ መንገድ በፍሬም ካልተሸፈነ የሥዕልዎ ግርጌ የመኪና መብራት የተደረደረበት ይመስላል።»

ፓነሉን ወደ መስኮቱ አነሣው። አንድ መስታወት የመሰለኝ ሁለት ኖሯል። በመሐላቸው ፈሳሽ ክሪስታል የሚባለው ነገር አለ፤ የተኛበት ክፍተት ከፀጉር ውፍረት አሥር እጥፍ በላይ ይቀጥናል። ይኸ ፈሳሽ ነው ኤሌክትሪክ ሲነካው እየተጠማዘዘ ብርሃን የሚያሳልፈውና የሚከለክለው። እንዳይፈስ፣ አየርና እርጥበትም እንዳይገባበት፣ ሁለቱ መስታወቶች ዙሪያውን በሙጫ ተጣብቀዋል። ብርሃን ላይ ሲያዘነብለው ሙጫው ታየኝ፤ ቀጭን ግራጫ መስመር፣ አንድ ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። አንዱ ማዕዘን ላይ ተላቅቆ ኖሮ ከዚያ ወደ ውስጥ እንደ ደመና የተዘረጋ ጉድፍ አለ። ዳር ሲፈታ መሐል ዳር ይሆናል የሚለውን ተረት አያቶቻችን ለአገር የተናገሩት ቢሆንም፣ ለኤልሲዲ ፓነልም ልክክ ይላል።

ይኸን ከባለቤቴ ምጣድ አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ሊጡን ስታዞር ምጣዱ ጠርዝ ድረስ አትደርስም፤ ዙሪያውን ጣት የምታህል ትተወዋለች። አንድ ቀን ስስታም ሆኜ፣ «እስከ ዳር ብትሞይው እንጀራው አይሰፋም ወይ?» ብላት፣ «አክንባሎው የት ይረፍልህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አክንባሎ የሚያርፍበት ካጣ እንፋሎቱ ይወጣል፤ እንፋሎት ከወጣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። የሞኒተሩ ሙጫም ያው ማረፊያ ነው የሚፈልገው። ሥዕል አይሠራበትም፤ ሥዕሉ የሚሠራው ግን እሱ ስላለ ነው።

ከፓነሉ ጫፍ ቡናማ ሪባኖች ተንጠልጥለዋል፤ በየሪባኑ መሐል የክብሪት እንጨት ግማሽ የምታህል ጥቁር ቺፕ አለች። ተማሪዬ እዚህ ላይ ሒሳብ ጠየቀኝ፤ ቂም እንደያዘብኝ ገባኝ። «በአግድም 1920 ነጥብ አለ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። ስንት ቋሚ መስመር ያስፈልጋል?»

«5760» አልኩ።

«አግድሙስ?»

«1080።»

«ጎበዝ» አለኝ። «ይኸ ሁሉ ትእዛዝ የሚቀበለው ከዳር ነው። ቋሚዎቹ በእነዚህ ሪባኖች ከግርጌ፣ አግድሞቹ ከጎን። ድሮ ለጎኑም ቺፕ ይለጠፍ ነበር፤ አሁን መስታወቱ ላይ ራሱ ያትሙታል። ጠበበ እንጂ አልጠፋም። የእርስዎ 8 ሚሊ ሜትር ምን አላት፤ የድሮውን ቢያዩ መሬት ነው ይላሉ።»

መስታወቱ ላይ የሚታተመው ነገር ዳር ላይ ቦታ እንደሚፈልግ እንዳልረሳ በሬ አድርጌ ያዝኩት። ጥማድ በሬ ማሳው ጫፍ ሲደርስ መዞር አለበት፤ የሚዞርበት ስፍራ ከሌለው የጎረቤትን ሽምብራ ይረግጣል። ስለዚህ የማሳ ዳር ሁልጊዜ ያልታረሰ ይተርፋል፣ ወይ በዶማ ይጨረሳል። ያንን ያልታረሰ ዳር ነው እንግዲህ ደንበኞቼ ሁለት ፈር፣ ሦስት ፈር እያሉ በየፍርድ ቤቱ የሚነታረኩበት። በጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ የድንጋይ እርከን የተሠራበት ማሳ ያለው ሰው ደግሞ «እርከኑ መሬቴን በላብኝ» ይላል። እርከኑ ባይበላው ኖሮ አፈሩ ጣና ገብቶ ነበር፤ ይኸን ግን ማመልከቻ ላይ ጻፍልኝ የሚል የለም።

ተማሪዬ ሁለት ነገር ጨመረልኝ፤ ባጭሩ ላሳልፋቸው። ሙጫው አጠገብ ያለው ፈሳሽ እንደ መሐለኛው አይታዘዝም፣ ብርሃንም በዚያ ያመልጣል፤ ስለዚህ ዙሪያው በጥቁር ቀለም ይሸፈናል። መስታወት ደግሞ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይተርፋል፤ መሰበር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጠርዙን ምንም ሳያቅፈው ከጎንደር ማክሰኝት በጉልበቴ ላይ ቢጓዝ ኖሮ፣ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ የተቀበለኝ ለስብርባሪ ነበር።

ታዲያ ይኸን ሁሉ ተምሬ እንደተመለስኩ፣ ጎረቤቴ የሆነው የቡና ቤት ባለቤት አማክረኝ ብሎ መጣ። አራት ቴሌቪዥን ገዝቶ፣ ሁለቱን ከላይ ሁለቱን ከታች አጋጥሞ አንድ ግድግዳ የሚያህል ኳስ ሊያሳይ አስቧል። ተው አልኩት። አልሰማኝም፤ ሰቀለው። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ችግሩ፣ አራቱ ቴሌቪዥን የሚገጣጠሙበት መስቀል በትክክል የሜዳው መሐል ላይ አረፈ። እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ጣት፣ ሁለቱ ሲገናኙ ሁለት ጣት። ኳስ ወደ መሐል በተላከች ቁጥር ትጠፋለች። «የት ገባች?» ይላል አንዱ። «ፍሬም ውስጥ!» ይላል ሌላው። አሰልጣኙን በቅርብ ሲያሳዩት አፍንጫ የሚባል ነገር የለውም፤ ዓይኑ ላይ አለ፣ አፉ ታች አለ። የአርሰናል ደጋፊዎች ግብ ሲቆጠርባቸው «ሳናያት ገባች፣ አይያዝም!» ብለው ከባለቤቱ ጋር ሙግት ገጠሙ። በሦስተኛው ቀን ሦስቱ ወርደው አንዱ ቀረ።

ለእንዲህ ያለው ግድግዳ ተብሎ የሚሠራ ፓነል አለ፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ በሥዕልና በሥዕል መሐል የሚቀረው 0.88 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዋጋው ግን ለቡና ቤት አይደለም። እሱም ቢሆን ከሩቅ ሲያዩት ነው ደህና የሚመስለው። እንደ እኔ ሞኒተር ክንድ በማይሞላ ርቀት ለሚታይ ነገር ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ተማሪዬ ስላነቃቃኝ ሠራሁት። 53.1 ሴንቲ ሜትርን ለ1920 ስናካፍል፣ ከአንዱ ነጥብ እስከ ቀጣዩ ያለው 0.28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሞኒተር ጎን ለጎን ሆነው ስፌታቸው እንዳይታይ፣ እያንዳንዱ ከመጨረሻው ነጥብ መሐል እስከ ዕቃው ጫፍ ያለው የዚህን ግማሽ፣ 0.14 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ሁለት ፀጉር ጎን ለጎን ማለት ነው። በዚያች ሁለት ፀጉር ውስጥ ሙጫው፣ ሽቦው፣ ጥቁሩ ቀለምና የመስታወቱ ቁራጭ ጠርዝ ሁሉም ይግቡ! ይኸን ለማመልከቻ ጸሐፊ ሳይሆን ለመላእክት ነው የሚሰጡት።

የሠለጠኑትስ ጠርዙን ያጠፉት መስሎኝ ነበር፤ የቻሉት መደበቅ ነው። አሱስ በ2018 እ.ኤ.አ. ሦስት ሞኒተር የሚያስተሳስር መሣሪያ አሳየ፤ በየመጋጠሚያው ላይ ብርሃን የሚያጣምም ሌንስ ይለጠፍና ጠርዙ ለዓይን ይሰወራል። አለ፣ ግን አታየውም። ሳምሰንግ በ2020 እ.ኤ.አ. ከፊቱ 99 በመቶው ሥዕል ነው ያለውን ቴሌቪዥን አወጣ፤ ያቺ አንዷ በመቶ አልሰጥም ብላ ቀረች። ስልክ ሠሪዎቹ ደግሞ ብልሃተኞች ናቸው። ኦሌድ የሚባለው ስክሪን ነጥቦቹ ራሳቸው ስለሚያበሩ የጎን መብራት አያስፈልገውም፤ ፕላስቲክ ላይ ከተሠራም ይታጠፋል። አፕል በ2017 እ.ኤ.አ. በአይፎን ኤክስ ላይ የስክሪኑን ግርጌ ከነሽቦው ወደ ኋላ አጠፈው። እንግዳ ሲመጣ ቆሻሻውን ምንጣፍ ሥር እንደ መጥረግ ያለ ነው። ኦሌድ ግን እርጥበትና ኦክስጅን ከነካው ይሞታል፤ ስለዚህ እሱም ዙሪያውን መታሸግ አለበት። ዞሮ ዞሮ አክንባሎው ማረፊያ ይፈልጋል።

እውነተኛ ጠርዝ አልባ አየሁ ልል የምችለው አዲስ አበባ ላይ ነው። መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲመረቅ የተሰቀሉትን ትልልቅ ስክሪኖች ከሩቅ ቆሜ ሳያቸው ሰማይ የተቀደደ ነው የመሰለኝ፤ መስመር የላቸውም። እነሱ ፈሳሽም፣ ሁለት መስታወትም የላቸውም፤ ትንንሽ መብራቶች የተተከሉባቸው ሰሌዳዎች እንደ ግድግዳ ጡብ ተገጣጥመው ነው የተሠሩት፤ ሽቦው ሁሉ ከኋላ ነው። በነጥብና በነጥብ መሐል ሰፊ ቦታ ስላለ የሰሌዳው ጠርዝ እዚያው ክፍተት ውስጥ ይደበቃል። ለአደባባይ ይበቃል። ማመልከቻ ለመጻፍ ግን «ድ» የምትለዋን ፊደል አይቶ ለመለየት መንገዱን ተሻግሬ መቆም ሊኖርብኝ ነው። እንዲህ ያለውን ነጥቦቹን አጠጋግቶ ለጠረጴዛ ማድረስ አልተቻለም አይባልም፤ ጥቃቅኖቹን መብራቶች በሚሊዮን እያነሡ መትከሉ ነው ዋጋውን ሰማይ የሚያደርሰው።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ አትስማማም። የእሷ ቅሬታ ጠርዙ መብዛቱ ሳይሆን ማነሱ ነው። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀምር የነበሩት ሣጥን ቴሌቪዥኖች፣ ከዚያም በኋላ በየቤታችን የገቡት፣ ቡፌ የሚያህል ትከሻ ነበራቸው፤ ዳንቴል ይለብሳሉ፣ ዳንቴሉ ላይ የሠርግ ፎቶ ይቆማል፣ ከፎቶው ጎን የፕላስቲክ አበባ። አዲሱን ሞኒተር ቤት ወስጄ ባሳያት ዳንቴሏን አምጥታ ከላይ ጣል አደረገችበት። ተንሸራትቶ ሥዕሉን ጋረደው። «ይኸ ምኑ ዕቃ ነው፣ ማረፊያ እንኳ የሌለው» ብላ ዳንቴሏን አጥፋ ሄደች። የፋሲል ግቢም ቢሆን በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ሲመዘግበው ከነ900 ሜትር የግንብ አጥሩ ነው፤ አጥሩን አፍርሳችሁ ግንቡን ከዳር እስከ ዳር አሳዩን ያለ ፈረንጅ አልሰማሁም።

ሞኒተሩ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ከገጠር መጡ፤ ጉዳያቸው ያው ነው፤ ጎረቤታቸው በየዓመቱ አንድ አንድ ፈር እየገፋ እዚህ ደርሷል። የጻፍኩላቸውን እንዲያዩት ሞኒተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ፊደሎቹ መስመር ይዘው መቀመጣቸውን እንደ ቡቃያ በጥንቃቄ አዩት። ከዚያ ጥቁሩ ጥለት ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ዙሪያውን ተከተሉት፤ በጎን ወረዱ፣ በግርጌ ዞሩ።

«መምህር፣ ይኸ ጥቁሩ የማን ነው?»

«የማንም አይደል አባባ። ሽቦ ነው የሚያልፍበት፤ ባዶ መተው አለበት።»

ከሁለቱም በኩል ባዶ የሆነውን ዳር ትክ ብለው አዩት።

«እንኳን ጎረቤቴ አላየው» አሉ። «እስካሁን አርሶት ነበር።»